ይሻር

ከቃሊቲ ፍርድ ቤት አጥር ሥር፣ ጥላው ከተቀደደ
ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ቆምኩ፤ ለታይፑ ወረቀት ማገደ።
"ምን በደሉሽ?" "ጻፍ" አልኩት። "ዘለቀ ወንድይራድ ሲናዘዝ
ወንድሙን ይፍሩን አጣሪ አርጎ፣ 'እሱ ያካፍላችሁ' ነው የሰጠን ትእዛዝ።
አራት ዓመት አለፈ። ቱሉ ዲምቱ ዳር ስድስት ክፍል ሰርቪስ አለን፤
ኪራዩ ይሰበሰባል፤ ስንጠይቅ 'ቆዩ' ብቻ ነው የሚለን።
የወፍጮው ሞተር ተሸጠ። ለማን? በስንት? የሚያውቅ ጠፋ፤
ሂሳብ ብለን ብንሄድ ስሞን፣ ሻይ አጠጥቶን፣ ወንበሩ ላይ አንቀላፋ።"
የታይፑ ድምፅ በረዶ ሆነ፣ እንደሚወርድ ቆርቆሮ ላይ፤
ሲያበቃ አዞረልኝ፣ "ውርስ አጣሪው ይሻርልኝ" የሚለውን እንዳይ።

ፈረምኩ። እጄ ተንቀጠቀጠ ብል እዋሻለሁ፤ አልተንቀጠቀጠም።
የአቃቂ ወንዝ የሞላ ክረምት በይፍሩ ትከሻ መሻገሬ ያን ቀን ትዝ አላለኝም።

በመጀመሪያው ቀጠሮ መብራት የለም። በሁለተኛው ዳኛዋ ታመመች።
በሦስተኛው መጣ፤ ብብቱ ሥር የልጅ ደብተር ተወሽቃ ነበረች፤
የማባዣ ሠንጠረዥ ጀርባዋ ላይ፣ ጥጎቿ በእጅ ወዝ የጠቆሩ፤
"ሂሳቡ ይኸው" አለ፤ ዓይኖቹ እኔን እየዘለሉ ዞሩ።

ዳኛዋ ገለጠች። ዝም አለች። ከዚያ ጮክ ብላ አነበበች፦

"ሚያዝያ ሁለት። ዘለቀ፣ ሦስተኛ ክፍል ያለችው ልጅ ወለደች፤
የወሩን ኪራይ ተውኳት፤ ገብቼ ሳይ አፍራ ፊቷን ሸፈነች።
ሰኔ ዘጠኝ። ሽንት ቤቱ ሞላ። መጣጭ መኪና አስመጣሁ፤
ዋጋው ካንተ ጊዜ በእጥፍ፤ ተከራከርኩ፣ እንዳንተ ግን አልቻልኩም፣ ተረታሁ።
ጥቅምት። ሞተሩን ሸጥኩት። ለምን እንደሆን አንተ ታውቃለህ።
እነሱ አይወቁት። ስንገናኝ እዚያው ትቆጣኛለህ።"

"ይህ ሂሳብ ነው?" "ሂሳብ ነው።" "ለማን ነው የቀረበ?"
"ለሾመኝ" አለ ይፍሩ። የጸሐፊዋ ጣት ኪቦርዱ ላይ እንደረበበ

ቀረ።
ውሳኔው ግማሽ ገጽ ነው። ሂሳብ ለሟች አይቀርብም።
ተሽሯል። አመልካች ትተካ። "ይግባኝ?" ቢሉት አልተናገረም።

ረታሁ። ኮሪደሩ ላይ ቁልፎቹን ከቀበቶው ፈትቶ አኖራቸው በመዳፌ፣
"የአራተኛው ክፍል እምቢ ይላል፤ በሩን ወደ ላይ ሳብ አርገሽ ነው" አለ።
                                                        ደረቀ አፌ።
ስወጣ አየሁት፣ አስፋልቱ ዳር፣ ለሲኖትራክ አቧራ ጀርባውን ሰጥቶ፣
እጁ የለመደውን ቁልፍ ቀበቶው ላይ ፈልጎ አጥቶ።

ግቢው ስደርስ መሽቷል። ሞተሩ በነበረበት ሲሚንቶ
አራት ብሎን አንጋጦ ቀርቷል፣ ከጥቁር ዘይት ጋር ተጣብቶ።
ቁልፎቹ ሲንሿሹ ከሦስተኛው ክፍል አንድ ሕፃን ሮጦ
"አባባ!" ብሎ ወጣ፤ ሲያየኝ ተመለሰ፣ ከናቱ ቀሚስ ተሸጉጦ።
"እሳቸውስ?" አለች እናቱ። "ተሻሩ" አልኳት፣ በለሆሳስ።
"ሻሩ? እሰይ! ታመው ኖሯል? እኔ'ኮ አልሰማሁም፣ እስካሁን ድረስ!"

አላረምኳትም።

አዲስ ደብተር ገዝቻለሁ፤ እኔ ነኝ አሁን ለሕግ ተጠሪ።
"አባዬ፣ ዛሬ" ብዬ ጀመርኩ። ሰረዝኩት። "ቁልፍ፣ ስምንት።
                              ያስረከበ፦ የተሻረው አጣሪ።"

የራፖሩ ቅጂ ከጎኔ ነው። ይሻርልኝ። ያቺው ቃል፣ ያቺው ፊደል፤
ጠብቃ ስትነበብ ሹም ታወርዳለች፤ ላልታ ስትነበብ ታድናለች ቁስል።
ዳኛዋ አጥብቃ አነበበች፤ መዝገቡ ተዘጋ፣ እዚያው ላይ ቀረ።
ለላላችው ግን፣ እስካሁን፣ ማንም ቀን አልቀጠረ።